ኦርጅናሉ ቴፕ

አባታችን ትቶልን የሄደው ሀብት ለመቁጠር አያደክምም፤ አንድ ቤትና አንድ አይሱዙ። ቤቱ አቃቂ፣ ከወንዙ ብዙም ሳይርቅ የሚገኝ ጠባብ ግቢ ነው። አይሱዙው ደግሞ አባዬ በ1996 ዓ.ም. የዕድሜውን ጥሪት ከዕቁብና ከብድር ጋር አዳምሮ የገዛው ኤንፒአር ነው። ቤቱ ለእናታችን ሆነ። አይሱዙው በታናሽ ወንድሜ እጅ ገባ። እኔ በባንክ መስኮት ጀርባ ተቀምጬ የሰው ገንዘብ ስቆጥር የምውል ሰው ነኝና፣ ከአይሱዙው የደረሰኝ ድርሻ አስተያየት የመስጠት መብት ብቻ ነበር። ይህን መብቴን ያለ ልክ የተጠቀምሁበትን አንድ ሳምንት ነው ዛሬ የማወጋችሁ።

አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ ቡናው ሁለተኛው ላይ ሲደርስ፣ እማዬ ወደ ጓዳ ገባ እስክትል ጠብቆ ወንድሜ፣ «ቴፑን ላወጣው ነው» አለኝ።

እኛ አገር በመኪና ውስጥ ድምፅ የሚያወጣ ዕቃ ሁሉ ስሙ «ቴፕ» ነው። ካሴት ከገበያ ከጠፋ ስንት ዘመኑ፤ ስሙ ግን ባለቤቱ ከሞተ በኋላም በበሩ ላይ እንደቀረ የቤት ቁጥር አልለቅም ብሏል። የእኛው አይሱዙ ቴፕ ግን ስሙን በሐቅ የተሸከመ ነው። ከፋብሪካው ሲወጣ ጀምሮ ዳሽቦርዱ ውስጥ የተቀመጠ፣ ግራና ቀኝ ሁለት ክብ መዞሪያ ያለው፣ ከመካከሉ የካሴት አፍ የተከፈተለት ጥቁር ዕቃ ነው። በወንድሜ ዘመን የግራው ስፒከር ዲዳ ሆኗል። ሬዲዮው ይሠራል፤ ካሴቱ ግን ሲያሻው ያጫውታል፣ ሲያሻው ክር ይበላል።

«አውጥተህ ምን ልታስገባ?»

«ፍላሽ የሚቀበል፣ ብሉቱዝ ያለው። ስልክ ሲደወልልኝ በእሱ እንዳወራ። ድምፁም ድምፅ የሆነ።»

«ኦርጅናሉን?»

«ኦርጅናል ነው ተብሎ ሙዚየም ይግባ እንዴ? እኔ እኮ ሽንኩርት ነው የምጭነው።»

እኔ ግን ተቆጣሁ። የጨርቃ ጨርቁና የመለዋወጫው ፋብሪካ ሠራተኞች ባሳደጓት አቃቂ የተወለደ ሰው «ከፋብሪካ የወጣበት» ለሚለው ቃል የሚሰጠው ክብር አለ። አባዬ የአንድን ዕቃ ደግነት ሲመሰክር ሌላ ቅጽል አያውቅም ነበር፤ «ኦርጅናል ነው» ካለ በቃ። ከዚያ ቴፕ ጋር ደግሞ ከኦርጅናልነቱ የሚበልጥ ጉዳይ ነበረኝ።

አባዬ የራሱን መኪና ከመግዛቱ በፊት ተቀጥሮ ኤንትሬ የሚባለውን ፊያት በአሰብ መንገድ ይነዳ ነበር። አንዴ ከወጣ ሳምንትም ሁለት ሳምንትም ይቆያል። በቤታችን ስልክ አልነበረም። እማዬ ደግሞ ያኔ ፊደል አልቆጠረችም። ስለዚህ ደብዳቤዋን በካሴት ትቀዳለች። በሚቀጥለው ጉዞው ካሴቱን ይዞ ይሄድና፣ በባትሪ ድንጋይ በሚሠራ ትንሽ ቴፕ ጋቢና ውስጥ ይሰማዋል። በግንቦት 1990 ዓ.ም. ጦርነቱ ተነሥቶ የአሰብ መንገድ ሲዘጋ ሾፌሮቹ ሁሉ ፊታቸውን ወደ ጂቡቲ አዞሩ፤ የእማዬም ካሴቶች መንገድ ቀየሩ። አይሱዙውን ሲገዛ ባትሪ ድንጋዩ ቀረ፤ ካሴቶቹ በመኪናው በራሱ ቴፕ መሰማት ጀመሩ። በኋላ ሞባይል ሲገባ መቅዳቱ ቆመ። ካሴቶቹ ግን አባዬ እስኪያርፍ ድረስ በጋቢናው ኪስ ውስጥ ነበሩ፤ አምስት ናቸው፤ ዛሬም እዚያው አሉ።

ያን ቀን ማታ እንደ ሙያዬ አንድ ወረቀት ለሁለት ከፈልሁና ሒሳብ ያዝሁ። በቀኝ በኩል የኦርጅናሉን፣ በግራ በኩል የአዲሱን ነገር ጻፍሁ። ኦርጅናሉ ለመኪናው ተብሎ የተሠራ ነው፤ ከቀዳዳው ጋር ልክክ ይላል፤ ሌባ አይመኘውም፤ የእማዬን ካሴት ያጫውታል። አዲሱ ጮክ ይላል፤ ፍላሽ ይቀበላል፤ ስልክ ያገናኛል፤ ካሴት አያውቅም። ሒሳቡን ስዘጋ ቀኙ በለጠ። አሁን ሳስበው፣ የገንዘብ ሒሳብ ቢሆን ኖሮ ኦዲተር ወዲያው ይይዘኝ ነበር፤ አንድ ትልቅ ወጪ ሳልመዘግብ ነበርና የዘጋሁት።

በማግሥቱ ከሥራ ስወጣ ወንድሜ ቃሊቲ ማሰልጠኛ አካባቢ ጠበቀኝ፤ የመኪና ኤሌክትሪክ ወደሚሠሩ አንድ አዛውንት ባለሙያ ይዞኝ ሄደ። በጠባቧ ሱቃቸው ግድግዳ ላይ የተፈቱ ቴፖች አንጀታቸው ተዘርግፎ ተሰቅለዋል። ሁለታችንም ክርክራችንን እንደ ባለ ጉዳይ በየተራ አሰማን። እሳቸው የብየዳውን ካውያ ሳያስቀምጡ አደመጡንና፣ «በመጀመሪያ ስለ መብራቱ እንነጋገር» አሉ።

ይህ መኪና የሚሠራው በ24 ቮልት ነው፤ ሁለት ባለ 12 ባትሪ ተቀጣጥለው ነው 24 የሚሆኑት። ኦርጅናሉ ቴፕ ለዚያ ተብሎ ተሠርቷል። ከገበያ የሚገዛው የመኪና ቴፕ ግን አብዛኛው ለቤት መኪና የታሰበ ባለ 12 ነው፤ 24ቱን በቀጥታ ከሰጡት በአንድ አፍታ ይጨሳል።

«ታዲያ ከአንዱ ባትሪ ብቻ ገመድ ይሳብለታ» አለ ወንድሜ።

«ብዙ ሰው እንደዚያ ያደርጋል፤ ከዚያ በስድስት ወሩ ባትሪ ሞተብኝ ብሎ እኔ ዘንድ ይመጣል። ሁለት በሬ ጠምደህ አንዱን ብቻ በሌሊት ውኃ ብታስቀዳው ጠዋት እኩል ያርሱልሃል? ቴፑ የሚጠባው ባትሪ ይጎድላል፤ ሌላው ሞልቶ ሳለ ዲናሞው ሁለቱንም እንደ እኩል ቆጥሮ ይሞላል። አንዱ በረኃብ፣ ሌላው በጥጋብ ይሞታሉ።»

መፍትሔው ከሁለቱም እኩል የሚወስድ፣ 24ቱን ወደ 12 የሚያወርድ ኮንቨርተር ነው። እሱም ርካሹ አይሆንም፤ ርካሹ የራሱን ጩኸት ወደ ሬዲዮው እየለቀቀ በተለይ መካከለኛውን ሞገድ ድምጥማጡን ያጠፋዋል። ከከተማ ርቆ ኤፍኤም ሲከዳህ የሚቀርህ ደግሞ እሱ ነው። ገመዱ ወፍራም መሆን አለበት፤ ፊውዙም ከቴፑ ዘንድ ሳይሆን ከባትሪው አጠገብ ይቀመጣል። በመካከል ገመዱ ተልጦ ብረት ቢነካ፣ ፊውዙ ከወዲያ ጫፍ ከሆነ እሳቱን የሚያቆመው የለም። «ጋቢና የሚያቃጥለው ቴፑ አይደለም፤ የገጠመው ሰው ስንፍና ነው» አሉ።

እኔ ሦስተኛ መንገድ ያገኘሁ መስሎኝ፣ «መርካቶ፣ ሶማሌ ተራ ሄደን ልክ እንደዚሁ ያለ ያገለገለ ኦርጅናል ብናመጣስ?» አልሁ። ሳቁ። ወደ ግድግዳው ዞረው አንዱን አወረዱ፤ ጽሑፉ በጃፓንኛ ነው፤ መልኩ ያምራል። የጃፓን ኤፍኤም ከ76 ሜጋኸርዝ ይጀምርና ለብዙ ዘመን 90 ላይ ያበቃ ነበር፤ ለዚያ አገር ገበያ የተሠራው አሮጌ ሬዲዮም ከዚያ በላይ አይሰማም። ኤፍኤም አዲስ 97.1 ነው፤ ፋና 98.1፤ ሸገር 102.1። «ኦርጅናል ነው፤ ጤነኛ ነው፤ አዲስ አበባ ላይ ግን ደንቆሮ ነው» አሉ። ኦርጅናልነት አገር እንዳለው ያን ዕለት ተረዳሁ።

ከዚያ ወጥተን ስንመለስ ወንድሜ ዝም አለ። አቃቂን ሳይ አንድ ነገር ትዝ አለኝና ዝምታውን ለመስበር ነገርሁት። ኢትዮጵያ በሬዲዮ መናገር የጀመረችው ከዚሁ ነው። አንሳልዶ የተባለው የጣሊያን ኩባንያ የሠራው የአቃቂ ሬዲዮ ጣቢያ የተመረቀው በ1927 ዓ.ም. ነበር። ዓመት እንኳ በቅጡ ሳይሞላው የጣሊያን ጦር ድንበር ጥሶ ገባ፤ ያቺው ጣሊያኖች የሠሯት ጣቢያ የጣሊያንን ወረራ ለዓለም ስታሰማ ከረመች። «አየህ» አልሁት፣ «ታሪክ ያለበት ቦታ ላይ ነው ያለነው።»

ወንድሜ መሪውን እንደያዘ፣ «እኔ ግን ከዚህ ታሪክ የሚገባኝ ሌላ ነው» አለ። «የሠራው ሰው ምን ይነገርበት ብሎ እንደሠራው አይደለም ቁም ነገሩ። ማን ይዞት ነው፣ ምን ቸግሮት ነው የሚናገርበት? እሱ ነው።»

ቀጥሎም የቀኙን ስፖኪዮ በአገጩ አሳየኝ። አዲስ ነው። አጥር ገጭቼ ነው ብሎን ነበር።

አጥር አልነበረም። ከመቂ ሽንኩርት ጭኖ ሌሊቱን ወደ ሃይሌ ጋርመንት የአትክልት ገበያ ሲመጣ፣ ሞጆን ከማለፉ በፊት፣ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ገደማ ዓይኑ ተከደነ። ረዳቱ ቀድሞ ተኝቷል። ቴፑ ክር በልቶ ቆሟል፤ ሬዲዮው ይንሿሿል፤ የሚያነቃው ድምፅ አልነበረም። የነቃው ጎማው ከአስፋልቱ ወርዶ ጠጠር ላይ ሲንኳኳ ነው። መሪውን ሲመልስ ስፖኪዮው ከመንገድ ዳር ምልክት ጋር ተላተመ። ሌላ ምንም አልደረሰም። አንድ ክንድ ያህል ወደ ቀኝ ቢሄድ ኖሮ ግን ገደል ነበር።

«ለእማዬ እንዳትነግራት» አለኝ።

ይህን ነው ሒሳቤ ውስጥ ያልመዘገብሁት። በቀን ስምንት ሰዓት ወንበር ላይ ተቀምጬ፣ ማታ በአልጋዬ የምተኛ ሰው፣ በሌላ ሰው ሥራ ቦታ ላይ የራሴን ትዝታ ካላስቀመጥሁ ብዬ ስሟገት ነበር የሰነበትሁት። ስለዚያ ቴፕ ግጥም ሁሉ ጀምሬ ነበር። ወንድሜ በዚያ ዳሽቦርድ ፊት ነው ሌሊቱን የሚያነጋው፤ እኔ በዚያ ዳሽቦርድ ፊት የምቀመጠው ለእንቁጣጣሽ ዘመድ ጥየቃ ስንሄድ ነው።

ቢሆንም አንድ ነገር ለመንሁት። ኦርጅናሉ ከመውጣቱ በፊት ካሴቶቹ አንድ ጊዜ ይሰሙ። እሺ አለኝ።

ቅዳሜ ከሰዓት አምስቱን ካሴቶች ይዘን አዛውንቱ ዘንድ ተመለስን። ኦርጅናሉን ከዳሽቦርዱ አውጥተው ጠረጴዛቸው ላይ ከሁለት አሮጌ ባትሪዎች ጋር አገናኙትና አንዱን ካሴት አጎረሱት። ሹሹታው ቀደመ። ከዚያ እማዬ መጣች። ድምፅዋ ወፍራም፣ ዝግ ያለ፣ የደከመ ነው፤ ልክ እንደ ዛሬው። «እንደምን ሰነበትህ? እኛ ደኅና ነን» ትላለች፤ የጤፍ ዋጋ ትናገራለች፤ ጣሪያው እንዳፈሰሰ ትነግረዋለች። ከበስተኋላ ሕፃን ያለቅሳል። ወንድሜ ነው። እኔ ደግሞ አጠገቧ ሆኜ ሀ ሁን እጮኻለሁ። ልጅነቴን ከዚህ ቀደም ሰምቼው አላውቅም ነበርና ጉሮሮዬ ተያዘ።

አዛውንቱ ግን ፊታቸውን አጨማደዱ። «ቀበቶው ላልቷል» አሉ። «ድምፁ የሚጎተተው ለዚያ ነው። የሴትዮዋ ድምፅ ይህ አይደለም።»

ቴፑን ፈቱት። በውስጡ ካሉት መዘውሮች ላይ የለጠጠችውን ቀጭን የጎማ ቀበቶ አውጥተው ከአንዱ ሬሳ ቴፕ ሌላ ቀበቶ አጠለቁለት። የሚያነበውን ራስ በጥጥና በአልኮል ጠረጉት። ካሴቱንም በእስክሪብቶ ወደ ኋላ አጠነጠኑና እንደገና አስገቡት።

አሁን የተናገረችው ሌላ ሴት ናት። ቀጭን፣ ፈጣን፣ በየዐረፍተ ነገሩ መጨረሻ ላይ ሳቅ የሚያመልጣት፣ ሃያዎቹን ያላገባደደች ልጅ። የጤፉን ዋጋ ስትናገር እንኳ ባሏን ትቀልድበታለች። ጣሪያው አፈሰሰ የምትለው እየሳቀች ነው። እኔና ወንድሜ ተያየን። ለዓመታት አባዬ ሞቶ በዚያ በላላ ቀበቶ የሰማናትን እናት ስናዝንላት ኖረናል፤ ያቺ እናት አልነበረችም። ጎማው ነው ያስረጃት።

አዛውንቱ ምንም ሳይጠየቁ ከቴፑ ወደ ኮምፒውተራቸው ገመድ ሳቡና አምስቱን ካሴቶች እስኪመሽ ድረስ በፍላሽ ቀዱልን። ለዚያ ዋጋ አልቀበልም አሉ። ለቀበቶው ግን ተቀበሉ።

ማታ ፍላሹን ለእማዬ ከፈትንላት። ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ አደመጠች። ስታለቅስ ልናያት ተዘጋጅተን ነበር።

«ይህቺ ልጅ ማናት?» አለች ስትጨርስ። ከዚያ ሳቀች። «ወይ ጉድ! እንዴት ነው የምትቀባጥረው እባካችሁ!»

እኔ የጭንቅላቴን ክርክር ለመጨረሻ ጊዜ ወደ አደባባይ አወጣሁት። «እማዬ፣ ወንድሜ የአባዬን ቴፕ አውጥቶ አዲስ ሊያስገጥም ነው። ከፋሽ እንዴ?»

ወደ እኔ ሳይሆን ወደ ወንድሜ ዞረች። «አባታችሁ ካሴቱን እንድቀዳለት የለመነኝ ለምን ይመስላችኋል? ናፍቆት ነው ብላችሁ ነው? ናፍቆቱስ ነበረው። ግን፣ ‹በረሃው ላይ እንቅልፍ ሊገለኝ ነው፤ የምትናገሪው ነገር ይንቃኝ፤ አስቂኝ አስቂኙን ንገሪኝ› ይለኝ ነበር። ለዚያ ነው እንደዚህ የምቀባጥረው። እንዳያንቀላፋ ነው።» ጥቂት ዝም አለችና ቀጠለች። «ስፖኪዮውን አጥር ሰበረው አልከኝ። ሠላሳ ዓመት የሾፌር ሚስት ሆኜ ኖሬ አጥር የሰበረውንና መንገድ የሰበረውን አልለይም? የሚያነቃህን ነገር ግጠም ልጄ። ዛሬ ነገ አትበል።»

ሁለታችንም አንገታችንን ደፋን።

ሰኞ አዲሱ ቴፕ ተገጠመ። ኮንቨርተሩ ከሁለቱ ባትሪዎች እኩል ይጠጣል፤ ፊውዙ ከባትሪው አጠገብ ነው፤ የግራው ስፒከር አፉን ፈታ። አዛውንቱ ድምፁን ከፍ ሲያደርጉ ጋቢናው ተንቀጠቀጠ፤ ወዲያው መልሰው ዝቅ አደረጉትና ለወንድሜ እንዲህ አሉት፦ «ሞተርህን መስማት ካቃተህ በዝቷል ማለት ነው። ሾፌር በጆሮውም ነው የሚነዳ። እንቅልፍህ ከመጣ ደግሞ ይህ ነገር አያድንህም፤ አቁመህ ተኛ። ይህ የሚያገለግልህ እስክትቆም ድረስ ብቻ ነው።» ይህን ምክር ከፍላሹ ጋር አንድ ላይ ቢቀዱልን ጥሩ ነበር።

ኦርጅናሉ ቴፕ አሁን እኔ ዘንድ፣ የመጻሕፍት መደርደሪያዬ ላይ ነው። ቀበቶው አዲስ፣ ራሱ የተጠረገ፣ ፍጹም ጤነኛ ነው። ግን 24 ቮልት በቤቴ የለምና አይናገርም። የጀመርሁትን ግጥም ሥሩ አስቀምጬዋለሁ፤ አልጨረስሁትም፤ እማዬ በአንድ ዐረፍተ ነገር ቀድማኝ ጨርሳዋለች።

ወንድሜ ከመቂ ሊነሣ ሲል፣ ጭነቱ እየታሰረ ሳለ፣ ለእማዬ ይደውላል። መኪናው ቆሞ ነው የሚያወሩት፤ እሷ ናት እንደዚያ ያዘዘችው። ባለፈው ሳምንት አብሬው ሄጄ ነበርና ሰማሁ። ድምፅዋ ከአዲሶቹ ስፒከሮች ግራም ቀኝም ወጣ፤ ወፍራም፣ ዝግ ያለ፣ የደከመ። «በልተሃል? ተኝተሃል? ረዳትህ ነቅቷል?» የላላ ቀበቶ የለበትም፤ ይህ የእሷው የራሷ ነው። ከዚያ ስለ ጎረቤታችን ዶሮ አንድ ረጅም፣ አስቂኝ፣ ግማሹ የተጨመረበት የሚመስል ታሪክ ጀመረች። ወንድሜ እየሳቀ ሞተሩን አስነሣ።

የፍላሹን ካሴቶች መንገድ ላይ ይክፈታቸው አይክፈታቸው አልጠየቅሁትም።

ቸር ያሰማን።